ጥቁሯ ጫጩትና የእማማ ጠጂቱ ሳል

አንድ ሰው ነበረ። ዶሮ ያረባ ነበር። ደህና ሰው ነው፤ ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ የተቸገረ ሲያይ ፊቱን አያዞርም። ስሙን አልነግራችሁም። ስሙን ብነግራችሁ ከዚህ ስትወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማችሁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ስትቆጥሩ ታመሻላችሁ። አውቃችኋለሁ። ሰውዬው እንበለውና እንለፍ።

ይህ ሰውዬ አንድ ነጭ የፈረንጅ አውራ ዶሮ አገኘ። የግብርና ሠራተኞች ለገበሬው ሲያድሉ ለእሱም ደረሰው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ቀያይ የሐበሻ ዶሮዎች ነበሩት። ሊያዳቅላቸው አሰበ። እናንተ ማዳቀል ምን አለው ትላላችሁ፤ አውራውን ከሴቶቹ ጋር መልቀቅ ነው፣ ሌላውን እነሱ ያውቃሉ ትላላችሁ። ለእሱ እንዲያ አልነበረም። የትኛዋ ዶሮ መቼ እንደጣለች ያውቃል። እንቁላሉን ያነሳና ወደ ብርሃን ያወጣዋል፤ ያገላብጠዋል። ጫፉ ሾል ካለ ወንድ ነው፣ ሞላ ብሎ ክብ ከሆነ ሴት ናት። ይህንንስ እናቶቻችሁም ይላሉ፤ አልፈርድበትም። እሱ ግን እዚያ ላይ አላቆመም።

ስክሪብቶ ያወጣል። ከዚያ ቅርፊቱ ላይ ይጽፋል። "ነጭ ወንድ።" "ገብስማ ሴት።" "ቀይ፣ ክንፏ ነጭ።" እንቁላሉ ገና ዶሮዋ አልታቀፈችውም እኮ። ጫጩቱ ዓይን የለው፣ እግር የለው፣ ምንም የለው። ሰውዬው ግን ቀለሙን ጽፎለት ጨርሷል።

አንዳንዴ ያገኝ ነበር። ነጭ ያለው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራል። ሲስት ግን ማንንም አይጠራም። ሲስት ጥፋቱ የዶሮዋ ነው፤ "ዘሯ ተበላሽቶባት ነው" ይላል። እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ኖረ። የአገሩ ሰውም "እሱ እኮ ያውቃል" አለ። ሰው አንዴ ያውቃል ካላችሁት ደግሞ ማን ይመልሰዋል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህኛው እንቁላሉንም ጨምሮበት ነበር።

በዶሮ ላይ ቢቀር ምን ነበረበት? ዶሮ አትሰማ፣ ዶሮ አትቀየም። ግን መች በዶሮ ቀረ።

ክርስትና ሲጠራ ሕፃኑን ያየዋል። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ አይወጣም። "ይኼ የአያቱን እልህ ይዟል" ይላል። ሠርግ ሲጠራ ሙሽራዋን ያይና "እናቷ ሰነፍ ናት፣ ይቺም ወዴት ትሄዳለች" ይላል። ሰው ሲሾም፣ ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲጣላ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው ከአፉ የሚወጣው። ዘር ከልጓም ይስባል። ጠዋት ዘር ከልጓም ይስባል። ማታ ዘር ከልጓም ይስባል። እኔ ያን ጊዜ ጢሜ ጥቁር ነበር፤ ይህን ቃል ስሰማ ሰውነቴ ይበላኝ ጀመር።

አሁን ይህ ሰውዬ ሴት ልጅ ነበረችው። ስንዱ ትባላለች። ታታሪ፣ ዝም ያለች፣ አንድ ነገር ከወደደች የማትለቅ ልጅ። የወደደችው ደግሞ ልንገረው የሚባል አናጢ ነው። እንዴት ተዋወቁ? ሰውዬው ራሱ ነው ያስተዋወቃቸው። ለነጩ አውራ ዶሮ አዲስ የዶሮ ቤት ያስፈልጋል አለና ልንገረውን ጠራው። ልጁ ሁለት ወር በዚያ ግቢ ሠራ። ሰዎቹ ወደ ገበያ ሲሄዱ፣ ለቅሶ ሲሄዱ ቁልፉን ለእሱ ትተው ይሄዱ ነበር። አንዲት ምስማር አልጎደለችም። የሠራላቸው በር ደግሞ ሸለምጥማጥ ቀርቶ አይጥ የማታልፍበት በር ነው። ሰውዬው ራሱ እየከፈተ እየዘጋ ለሰው ሁሉ ያሳይ ነበር።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ የልንገረው አባት ነው። አባትየው የታወቀ የከብት ሌባ ነበር፤ እስር ቤት ነው የሞተው። ልንገረው ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣለም። አባቱን በመልክ እንኳ አያውቀውም። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ፤ አይደለም?

ልንገረው ሽማግሌ ላከ። እኔ አንዱ ነበርሁ። ሌላው ጋሽ ደምሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ነፍሱን ይማረውና ከንዴት በቀር ምንም ክፉ ነገር የሌለበት ሰው። ሦስተኛው እርጅና የተጫጫነው ገበሬ ነበር፤ እሱ የሚናገረው ሲመርቅ ብቻ ነው። ደረስን፤ እንደ ደንቡ "የመጣንበት ካልተፈጸመ አንቀመጥም" ብለን ቆምን። ሰውዬው በመጀመሪያው ቀን ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠረን። በቀጠሮው ቀን ተመልሰን ቆምን። ዐቢይ ጾም ሊገባ አምስት ሳምንት ነበር የቀረው። ጾም ከገባ ሠርግ የለም። ልንገረው ደግሞ ጾሙ እንደገባ ወደ ቆላ ወርዶ ለሁለት ዓመት የሚሠራበት ሥራ ተይዞለታል። እንግዲህ ከሆነ አሁን ነው፤ ካልሆነ ልጁ ይሄዳል። ማን ያውቃል ይመለሳል?

"ልጁን እኔም እወደዋለሁ" አለ ሰውዬው። "እጁ ወርቅ ነው። ግን አባ፣ አባቱን ያውቁታል።"

"አውቀዋለሁ። ሞቷል" አልሁት።

"እስር ቤት ነው የሞተው።"

"እስር ቤትም ይሞታል፣ አልጋ ላይም ይሞታል።"

"የሰው ከብት ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እናንተ ታላላቆች ናችሁ፣ እኔ አልነግራችሁም። ዘር ከልጓም ይስባል።"

ጋሽ ደምሰው በትሩን መሬት ላይ ወጋ አደረገ። "ልጁ ሁለት ወር እዚህ ሠርቷል። ቁልፍህን ይዞ ውሏል። ምን ጎደለብህ?"

"ምንም።"

"ታዲያስ?"

"ገና ነው" አለ ሰውዬው። "ዶሮም እኮ ጫጩት ሳለች ጠባይዋ አይታወቅም። አድጋ ነው የእናቷን ተናካሽነት የምታወጣው።"

ይህን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ልጁ ባይሰርቅ "ገና ነው።" ቢሰርቅ "አላልሁም?" በየት በኩል ያምልጥ? ሠላሳ ዓመት ታማኝ ሆኖ ቢኖር ሠላሳውም ዓመት "ገና ነው" ይባላል። ስንቱን ሰው ነው እንዲህ በቁሙ ያሰርነው?

ደሜ ፈላ። "አንተ ሰው" አልሁት፣ "የሚወለደውን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። አንተ ከየት አወቅህ?" ይህን ባልናገር ይሻል ነበር። ፊቱ በራ። እንደዚያ የሚል ሰው ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው።

"ይኸው ዛሬ አሥራ ሦስት እንቁላል አስታቅፋለሁ" አለ። "ሁሉም ላይ ጽፌአለሁ። ወንድና ሴቱ ሲያድግ ስለሆነ የሚለየው እሱ ይቅር፤ ቀለሙን እንይ። ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፣ ገብስማ አለ። ጥቁር የለም። በዚህ ግቢ ጥቁር ዘር የለም። አንዲት ጫጩት ከጻፍሁት ውጪ ብትወጣ ስንዱን ለልንገረው እድራለሁ። ሁሉም እንደጻፍሁት ከሆነ ግን ለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ደጄን አትርገጡ።"

እኔም እሺ አልሁ።

አዎ፣ እሺ አልሁ። ምን ታዩኛላችሁ? ቄስ ነኝ፤ የቆምሁት ለሁለት ነፍስ ነው፤ እሺ ብዬ የሁለቱን ዕድሜ ዶሮ ሥር አስታቀፍሁት። ሰው ሲናደድ ከተናደደበት ሰው እኩል ጅል ይሆናል። ስንዱ ከጓዳ መጋረጃ ኋላ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ስንወጣ ዓይኗን አላየሁትም፤ አፍሬ ነበር።

ለልንገረው ስነግረው መጋዙን አስቀመጠና "አባ፣ እኔ በእንቁላል ነው የምመዘነው?" አለኝ። ጓደኞቹ "ይዘሃት ጥፋ፣ እሷም ትመጣለች" ይሉት ነበር። "ይዤአት ብጠፋ የሌባ ልጅ ሰረቀ ነው የሚሉት" አላቸው። እውነቱን ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እጠብቃለሁ። ሃያ አንዱን ቀን ግን በዚያ ግቢ በር አላልፍም፤ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ልሥራ፣ ከፊትዎ ልዋል" አለኝ። ሃያ አንዱንም ቀን አጥሩን ሲሠራ ከፊቴ ዋለ። ስንዱም ውሃ ስትቀዳ በዚያ መንገድ አላለፈችም፤ ዞራ ትሄድ ነበር። ልጆቹ እንዲህ ተጠነቀቁ። ለማን ብለው? ለጫጩት።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። ሦስታችንም በጠዋት ሄደን ቆምን። የሰውዬው ሚስት ወይዘሮ አስካለ ከንጋት ጀምራ ከዶሮዋ አጠገብ አልተነሳችም። በጥጉ በኩል ደግሞ እማማ ጠጂቱ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። የሰውዬው አክስት ናቸው፣ የአባቱ እህት፤ አባቱ ቀደም ብሎ ስለሞተ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል።

ከአሥራ ሦስቱ ሁለቱ ግም ሆነው ቀሩ። አሥራ አንድ ጫጩት ተፈለፈለ። ሰውዬው ስፌት ላይ አድርጎ አወጣቸው። ነጭ የሚሆኑት ቢጫ ናቸው አለን፤ እሺ አልን። ይቺ ቀይ ናት አለ፤ እሺ። ይቺ ገብስማ፣ ይቺም ገብስማ፤ እሺ። አሥር ሲደርስ እጁ ቆመ። በአሥራ አንደኛነት አንዲት ጫጩት ከወንድሞቿ ሥር ብቅ አለች። ከመንቆሯ እስከ ጥፍሯ ጥቁር ናት።

ጋሽ ደምሰው "እንግዲህ" አለ።

"ቆዩ" አለ ሰውዬው። "የጎረቤት አውራ ገብቶ ነው።"

ስንዱ ከጓዳ ወጣች። ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ አትወጣም፤ እሷ ግን ወጣች። "አባዬ፣ በሩን ማን ነው የሠራው? አይጥ አያልፍበትም ያልኸው አንተ አይደለህም?"

ሰውዬው በሩን አየ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። አሁን ይገባዋል ብዬ ደስ ልሰኝ ስል ምን አለ መሰላችሁ? "የሠራው ልጅ መክፈቱን ያውቃል። እንቁላሉን ለውጦታል። አላልኋችሁም? ይኸው ወጣበት።"

ወይ ጉድ። ሁለት ወር ሙሉ ቁልፍ ይዞ ምስማር ያላነሳ ልጅ አሁን እንቁላል ለወጠ። "ሃያ አንዱን ቀን ከፊቴ አልራቀም" አልሁት። "ሌባ በቀን ይመጣል እንዴ አባ?" አለኝ። ጋሽ ደምሰው በትሩን አነሳ፤ እኔ ነኝ ክንዱን የያዝሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጥቂት ቆይቼ ብይዘው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አስካለ ተነሳች። መሀረቧን ፈታች። ከውስጡ የተሰበረ ቅርፊት አወጣች። "ይቺ ጥቁሯ እጄ ላይ ነው የወጣችው። የወጣችበት ቅርፊት ይኸው" አለች። ጋሽ ደምሰው መነጽሩን አድርጎ አነበበው። "ነጭ ሴት" ይላል። በሰውዬው እጅ ጽሕፈት፣ ያቺ "ሴ" እንደ መንጠቆ የተጎተተችበት። ጽሕፈቱን አገር ያውቀዋል።

ሰውዬው ቅርፊቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ወሰደው። አየው። ገለበጠው። "የእኔን ጽሕፈት አስመስሎ ቢጽፍስ?" አለ።

በዚህ ጊዜ እኔ መስቀሌን ወደ ደረቴ መለስሁና ልሄድ ዞርሁ። በእውነት ዞርሁ። ዓይኑ እያየ የማያይን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ጫጩቷ እዚያው ስፌት ላይ ጭው ጭው እያለች ነው። እሱ ዓይኑ ቅርፊቱ ላይ ነው።

"ልጄ" አሉ እማማ ጠጂቱ ከጥጉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው። "ያቺን ቀይ እናት ዶሮ ከማን ነው ያገኘሃት?"

"ከአንቺ ነው።"

"አያቷ ጥቁር ነበረች። ጠይቀኸኛል?"

"አልጠየቅሁም።"

"እኔም አልነገርሁህም። ያልነገርሁህ ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም።"

እማማ ጠጂቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ የተናገሩትን እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ።

"አስካለን ልናጭልህ የሄድን ጊዜ ዘር የማውቀው እኔ ነኝና ሽማግሌዎቹ ይዘውኝ ሄዱ። የአስካለ አባት እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩ አለ። መቁጠር ጀመርሁ። አባትህን ጠራሁ። አያትህ ላይ ስደርስ ሳል ያዘኝ። ሳል አልነበረብኝም። አስሎኝ አስሎኝ ሲለቀኝ ቅድመ አያትህን ጠራሁና ሰባት ቤት ሞላሁ። አያትህን ወረርሽኝ ገደለው ብዬ ነው ያሳደግሁህ። ወረርሽኝ አልገደለውም። የሰው በሬ ሲነዳ ተይዞ ገበያ መሃል ነው የሰቀሉት። አባቴ እኮ ነው። የወለደኝን አባቴን በሳል ዘለልሁት።"

ሰውዬው የያዘውን ቅርፊት ስፌቱ ላይ አስቀመጠ።

"ስንወጣ" አሉ እማማ ጠጂቱ፣ "የአስካለ አባት ወደ ጎን ጠራኝና በቅጠል የተጠቀለለ ማር ሰጠኝ። ለሳልሽ ነው አለኝ። የሚያስለኝ ቦታ እኔም ቤት አለ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ አለኝ። አውቆ ነው የሰጠህ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

ሰውዬው ወደ ሚስቱ ዞረ። ወይዘሮ አስካለ መሀረቧን እያጠፈች ነበር። "እኔም አውቃለሁ" አለችው። "አባቴ ከሠርጋችን በፊት ነግሮኛል። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖርሁ፤ አንድ ቀን የሰው በሬ ስትነዳ አላየሁህም።"

አስቡት እስቲ። ሠላሳ ዓመት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ሰውዬ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ዘር ከልጓም ይስባል ሲል ሚስቱ ከአጠገቡ ተቀምጣ ትሰማለች። አንድ ቀን እንኳ "አንተስ?" አላለችውም። ለልጇ ዕድል እስኪደርስ ድረስ ለባሏ ክብር ዝም አለች። ያን ቀንም የተናገረችው እማማ ጠጂቱ መንገዱን ከከፈቱላት በኋላ ነው። እኔ ብዙ ትምህርት ተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ግን ከዚያች ሴት በቀር አላየሁም።

ሰውዬው ወጣ። ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደ። በሩ ሲከፈት ሰማን፣ ሲዘጋም ሰማን። እኛ ቆመን ነው፤ ጉዳዩ አልተፈጸመማ። ሦስተኛው ሽማግሌ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ተቀመጥ ብንለው እምቢ አለ። ስንዱ ጥቁሯን ጫጩት በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋለች። አልለቀሰችም። እንዲያው ትጠብቃለች።

ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል። አክስቱ ጋ ሄደና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ እኛን አየን። ይቅርታ አላለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ይቅርታ በአንድ ቀን አይማርም። አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው።

"ተቀመጡ" አለ።

ተቀመጥን። ሦስተኛው ሽማግሌ ወዲያው መመረቅ ጀመረ።

ጾሙ ሳይገባ ተጋቡ። ልንገረው ወደ ቆላ ሲወርድ ስንዱም አብራው ወረደች። ሰውዬውስ ተለወጠ? አይ እናንተ። ሰው እንዲህ በቀላሉ ይለወጣል? በሠርጉ ማግስት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "አባ፣ የመጀመሪያው ልጅ አፍንጫው የስንዱ፣ እጁ የልንገረው ይሆናል" አለኝ። ቀና ብዬ አየሁት። "ግን ምን አውቃለሁ" አለ ቶሎ ብሎ። እኔም ምስጋና ነው ያቀረብሁት። ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እየሳቃችሁ ነበር። ሰውዬው ሞኝ ነው ብላችሁ ነበር። ደህና። ባለፈው ማክሰኞ ከእናንተ መካከል አንዱ ቤቴ መጣ። ደህና ሰው ነው፤ የሚጾም፣ የሚያስቀድስ። ልጁ አንዲት ልጅ ወድዷል። ልጅቷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ያገለገለች ናት። ስትታመሙ የምታስታምማችሁ፣ ለቅሶ ቤት ውሃ የምትቀዳላችሁ እሷ ናት። ሰውዬው ምን አለኝ? "አባ፣ ልጅቷስ ደህና ነበረች፤ ግን እናቷ ቡና ቤት ነበር የምትሠራው።" አሥራ አንድ ዓመት ስንት ቀን ነው? ያን ሁሉ ቀን አይታችኋታል። አሁንም "ገና ነው" ነው?

ምነው አቀረቀራችሁ? አንድ ሰው ብቻ አይደለም ወደ እኔ የመጣው፤ የማክሰኞው ይበቃል ብዬ ነው። የጎረቤቱ ልጅ ብርጭቆ ቢሰብር "የአባቱ ልጅ" የሚል፣ የራሱ ልጅ ሲሰብር "ሳያየው ነው" የሚል ስንቱ አለ እዚህ? ልጅ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ቅርፊቱ ላይ የጻፋችሁ ስንት ናችሁ? "ይቺ ከእሷ ተወልዳ የት ትደርሳለች" ያላችሁ? ልጁም ይሰማችኋል እኮ። እንቁላል ጆሮ የለውም፤ ልጅ ጆሮ አለው። ደጋግማችሁ ስትነግሩት እውነት ይመስለዋል፤ የጻፋችሁትን ሊሆን ይደርሳል። ያን ጊዜ "አላልሁም?" ትላላችሁ።

ዘር የለም አላልሁም። ነጭ ከነጭ ይወለዳል፣ ልጅም አፍንጫውን ከአባቱ ይወስዳል። ግን ሰውን ሰው የሚያደርገውን ነገር ማን ቅርፊት ላይ አንብቦ ያውቃል? ደግሞ ዘር እንቁጠር ካላችሁ እሺ፣ እንቁጠር፤ ሰባት ላይ ለምን እናቆማለን? ወደ ላይ እስከ ጫፉ ብንቆጥር የመጀመሪያው አባታችን አትብላ የተባለውን ፍሬ ወስዶ የበላ ነው። የሁላችንም አያት እሱ ነው። እንግዲህ ሌባ ዘር የሌለበት ቤት የትኛው ነው? ይህን ሁሉ እያወቀ "ልጄ" ብሎ የጠራን አምላክ አለ። የማን ልጆች እንደሆንን አልጠየቀንም፤ ያውቅ ነበር። አውቆ ነው የተቀበለን።

የፊታችን እሑድ ሦስት ሽማግሌ ሆነን ወደዚያ ሰው ቤት እንሄዳለን። ይኸው አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ አሁንም እዚሁ ተቀምጦ ይሰማኛል። አርጅቻለሁ፣ ጉልበቴ ብዙ አያቆመኝም። እንቁላል አልጠብቅም።

እናንተም ቤታችሁ ስትገቡ ቁጠሩ። ጮክ ብላችሁ አይደለም፣ በልባችሁ። አባታችሁን ጥሩ። አያታችሁን ጥሩ። ወደ ላይ ሂዱ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ ሳል ይመጣባችኋል። ሁላችሁም ትደርሱበታላችሁ፤ እኔም ደርሼበታለሁ። እዚያ ላይ አትዝለሉ። ቁሙና የሰው ልጅ ደጃችሁ ቆሞ እንደሆነ እዩ፤ ቆሞ ከሆነ ተቀመጥ በሉት።